ፊታቸው ላይ ዕባጭ ስለ ወጣ ልጆችና ስለ ባሕር ማዶ ሕክምና

ሰው እጁን ቢታመም በነጠላው ይሸፍነዋል፤ እግሩን ቢታመም በልብሱ ይከልለዋል፤ ፊቱን የታመመ እንደ ሆነ ግን የሚሸፍንበት የለውም። ፊት የሰው ደጃፍ ነውና ሰላምታ የሚሰጠው፣ ወዳጅ ከባዕድ የሚለየው፣ ደስታና ኀዘንም የሚነበበው በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ በልጅ ፊት ላይ ዕባጭ በወጣ ጊዜ የሚታመመው ሥጋው ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ከጨዋታ ይቀራል፤ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ በመጨረሻም እንግዳ በመጣ ቍጥር «ወደ ጓዳ ግባ» እየተባለ ከሰው ዓይን ይጠፋል። ቤተ ሰቡ ይህን የሚያደርገው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ የሰው አፍ እንዳይጎዳው አስቦ ነው። ነገር ግን ከሰው ዓይን የተሰወረ ልጅ ከሐኪም ዓይንም ጭምር እንደሚሰወር ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ሐኪም ሆነን አይደለም። እኛ ፊደልና ዳዊትን በቤተ ክርስቲያን፣ የውጭ ቋንቋን ደግሞ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረን፣ አሁን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንተዳደር ነን። ይሁን እንጂ የመዝገብ ቤት ሰው ሐኪም የማያየውን አንድ ነገር ያያል፤ ይኸውም ሕመምተኛው ከሐኪሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በስንት ደጅ ቆሞ እንደሚያልፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገበሬ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን አስከትሎ ከምንሠራበት ችሎት ቀረበ። የልጅቱ ፊት በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ነጠላው በተገለጠ ጊዜ የግራ መንጋጋዋ የትልቅ ብርቱካን ያህል አብጦ፣ ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ተስቦ፣ ጥርሶቿም ከሥፍራቸው ተናግተው አየን። ዕባጩ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያ የጥርስ ሕመም ነው ተብሎ ቅጠል ተደረገበት፤ ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ነው ተባለ፤ ኋላም በጋለ ብረት ተተኮሰና በዕባጩ ላይ ጠባሳ ተጨመረበት። እህል ማኘክ ስላቃታት የምትኖረው በአጥሚትና በወተት ነበር። አንድ የባሕር ማዶ የምግባረ ሠናይ ማኅበር ወጪዋን ችሎ በአውሮጳ ሊያሳክማት ቃል ስለ ገባላት፣ እናቷም በሕይወት ስለሌለች፣ አባቷ የሞግዚትነት ማስረጃ እንዲሰጠው ለመነ።

የልጅቱ አያት ግን፣ የሟች እናቷ እናት፣ ተቃዋሚ ሆነው ቀረቡ። «ልጅቱ በሰው አገር ስታለቅስ ማን ያባብላታል? በምን ቋንቋስ ውሃ ጠማኝ ትላለች? ክፉ ነገር ቢያገኛት መቃብሯን ማንን እጠይቃለሁ?» አሉ። አማቻቸውም አንገቱን ደፍቶ፣ «እሜቴ፣ አንቱ ልጅዎን ቀብረዋል፤ እኔም ሚስቴን ቀብሬአለሁ። ይህችን ደግሞ እንዳንቀብር ብዬ ነው እንጂ ወድጄ መሰለዎ?» ሲል መለሰላቸው።

ዳኛው ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ ወደ ልጅቱ ዞረው፣ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ኢትዮጵያ በ1991 በአውሮጳ አቈጣጠር የተቀበለችው የሕፃናት መብት ውል፣ ሐሳቡን መግለጥ የሚችል ልጅ በራሱ ጕዳይ እንዲሰማ ያዛልና። ልጅቱም የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ «አባባ አብሮኝ ከሄደ እሄዳለሁ። ስመለስ ግን ትምህርት ቤት ልግባ» አለች። አያቲቱም ይህን በሰሙ ጊዜ እንባቸውን ጠረጉና ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማኅበሩ የጻፈው ደብዳቤ ግን ልጅቱ ከአንዲት አስታማሚ ጋር ብቻ እንድትሄድ የሚል ነበር። ዳኛው ማስረጃውን ሲሰጡ፣ አባት አብሮ እንዲሄድ ማኅበሩ እንዲጠየቅ፣ የሕመሙ ስም አስቀድሞ በአገር ውስጥ ሐኪም ተመርምሮ እንዲታወቅ፣ ከተመለሰችም በኋላ የት እንደምትታይ በጽሑፍ እንዲገለጥ አሳሰቡ። ማኅበሩ በመልካም ፈቃድ ተቀበለ። ነገር ግን ወረቀቱ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ከሁለት ወር በላይ አለፈ፤ የመጨረሻው ማኅተም በተመታ ጊዜ ልጅቱ ወተቱንም የምትውጠው በጭንቅ ነበር። መዝገብ ቢያድር አይጎዳም፤ ዕባጭ ግን ባደረ ቍጥር ያድጋል።

እነዚያን ሦስት ማሳሰቢያዎች በመዝገብ ላይ የጻፍናቸው በገዛ እጃችን ነው። ከዚያም ወዲህ ስለ ጕዳዩ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ፣ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ልጅ ሁሉ የሚበጁ ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንገልጣቸዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የሕመሙን ስም ማወቅ ነው። የፊት ዕባጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሁሉም ቢላዋ አይፈልግም፤ ሁሉም ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በ1957 በዩጋንዳ በካምፓላ ከተማ በሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ዴኒስ ቡርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም መንጋጋው ያበጠ ሕፃን አየ። ይህ ሰው በልጅነቱ አንድ ዓይኑን በአደጋ ያጣ ነበር። ሕመሙ በብዙ ሕፃናት ላይ እንደሚገኝ ተመልክቶ በ1958 ጻፈበት፤ በ1961ም በመኪና አሥር ሺህ ማይል ያህል ተጕዞ በየትኛው የአፍሪካ አገር እንደሚገኝና እንደማይገኝ መረመረ። ዛሬ የቡርኪት ሊምፎማ የሚባለው ይህ ነቀርሳ እጅግ ፈጥኖ የሚያድግ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቢላዋ ሳይሆን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ለኦፕራሲዮን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ ወራት ማባከን ነፍሱን ማባከን ነው።

ደግሞም በጨቅላ ሕፃን ፊት ላይ እንደ እንጆሪ ቀልቶ የሚያብጥ የደም ሥር ዕባጭ አለ። በ2008 በፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ለልብ ሕመም የሚሰጥ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የቆየ መድኃኒት ይህን ዕባጭ እንደሚያከስመው አገኙ። ከነርቭ የሚወጣ፣ ፊትን እንደ ከረጢት የሚያንጠለጥል ሌላ ዕጢም አለ፤ እርሱን ቢቈርጡት ተመልሶ የሚያድግበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዕጢው በኦፕራሲዮን ሊወጣላቸው ለማይቻል ሁለት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ሴሉሜቲኒብ የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ፈቀደ። እንግዲህ ከዕባጩ ቍራጭ ወስዶ በማጉያ መነጽር መመርመር፣ ወይም እንደ ሁኔታው በራጅ ማየት፣ ከፓስፖርትና ከአውሮፕላን ቲኬት ሊቀድም ይገባል።

የዚያችም ልጅ ዕባጭ በዋና ከተማችን ተመርምሮ አሜሎብላስቶማ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። ይህ ዕጢ ጥርስን ከሚያበጀው ሥጋ የሚነሣ ነው። እንደ ክፉ ነቀርሳ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሠራጨው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን የመንጋጋን አጥንት እየበላ ያድጋል፤ ምላስን ይገፋል፤ መዋጥንና መተንፈስን ይከለክላል። ፍቆ ማውጣት ብቻ አይበቃለትም፤ በዙሪያው ካለው ጤነኛ አጥንት ጥቂት ጨምሮ መቍረጥ ያስፈልጋል። የተቈረጠውን ሥፍራ ለመተካት ሐኪሞች በቅልጥም ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሩ አውጥተው፣ እንደ መንጋጋ ቀርጸው፣ ደም ሥሩን ከአንገት ደም ሥር ጋር ይሰፉታል። ይህ ሥራ ከማለዳ እስከ ማታ ሊፈጅ ይችላል፤ የሰለጠነ ሐኪም፣ ብልህ የማደንዘዣ ባለሙያና ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ አስታማሚም ይፈልጋል። ሰው ስለዚህ ሥራ ሲል ባሕር ቢሻገር አይደነቅም።

ሁለተኛው ልጁ ከማን ጋር እንደሚሄድና በማን መካከል እንደሚኖር ነው። በዚህ ረገድ የሚጠቀስ የታወቀ ታሪክ አለ። ሕመሙ ዕባጭ ሳይሆን የእሳት ጠባሳ ነበር፤ ጕዞው ግን ተመሳሳይ ነው። በሂሮሺማ ከተማ ላይ በ1945 በተጣለው ቦምብ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ 25 ወጣት የጃፓን ሴቶች በ1955 ወደ ኒውዮርክ ተወሰዱ። የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል አልጋውን፣ ሐኪሞቹም ሥራቸውን በነጻ ሰጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ 138 ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው። በየኦፕራሲዮኑ መካከል የተቀመጡት በሆስፒታል ሳይሆን በፈቃዳቸው በተቀበሏቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ ነበር። ከጃፓን አብረዋቸው የሄዱ ሐኪሞችም ጥበቡን አይተው ተመለሱ። ይሁን እንጂ ከ25ቱ አንዲቱ በማደንዘዣ ላይ ሳለች ልቧ ቆሞ በዚያው አረፈች። የምግባረ ሠናይ ሥራ በመሆኑ ብቻ ኦፕራሲዮን ከአደጋ ነጻ እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን። ያች አያት በችሎት የጠየቁት ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ አልነበረም፤ ከመፈረሙ በፊት መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ስለ ተመልካችም ዓይን አንድ ነገር እንጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በኢስት ግሪንስቴድ ከተማ አርኪባልድ ማኪንዶ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ ሐኪም ፊታቸው የተቃጠለ አውሮፕላን ነጂዎችን ያክም ነበር። ሕመምተኞቹ በ1941 የመሠረቱት ማኅበር በጦርነቱ ፍጻሜ 649 አባላት ነበሩት። ሐኪሙ ፊት በመርፌና በክር ብቻ እንደማይድን ያውቅ ነበርና የከተማውን ሰዎች ለመናቸው፤ እነርሱም ሕመምተኞቹን ወደ ቤታቸው ጋበዟቸው፤ በመንገድም ሲያገኟቸው ሳያፈጡባቸው ሰላምታ ሰጧቸው። ስለዚህ ከተማይቱ እስከ ዛሬ የማታፈጥ ከተማ ተብላ ትጠራለች። ለዚህ ገንዘብም ባሕር መሻገርም አያስፈልግም፤ በእኛም ሰፈር የሚቻል ነው።

ስለ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ማኅበራት ርዳታ ለመሰብሰብ የልጁን ፊት ሥዕል ማሳየት ይወዳሉ። ከበጎ አሳብ የተነሣ መሆኑን እናምናለን፤ ዳሩ ግን ልጁ ነገ ጐልማሳ ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን እርሱ የማያውቀው ሰው ሁሉ እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አባት ሲፈርም ሥዕሉ የት እንደሚወጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህም ጋዜጣ ሥዕል የሚወጣበት ሆኖ ሳለ የዚያችን ልጅ ፎቶግራፍ ለማውጣት ያልፈለግነው ስለዚሁ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው፣ ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። ልጅቱ ከአምስት ወር በኋላ ከአባቷ ጋር በደኅና ተመለሰች። ፊቷ ቀንቷል፤ በአንገቷ ሥር ቀጭን ጠባሳ አለ፤ ጥቂት ታነክስ የነበረውም ቅልጥሟ በመራመድ ብዛት እየተሻለው ሄዷል። አባቷ ግን በውጭ ቋንቋ የተጻፈ አምስት ገጽ ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ የምስጋና ወረቀት ነው መሰለኝ፤ በሣጥን ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀን። ወስደን ብናነበው የምስጋና ወረቀት አልነበረም። ዕጢው ከብዙ ዓመት በኋላም ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል በየዓመቱ መንጋጋዋ በራጅ እንዲታይ፣ አፏን በየቀኑ በመክፈትና በመዝጋት እንድታለማምድ፣ ፊቷ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ ወደ ፊት ሌላ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ ጥርስም የሚተከልላት እድገቷን ከፈጸመች በኋላ እንደ ሆነ የሚገልጥ ነበር። ወደ አማርኛ መልሰን በጉልህ ጽፈን ሰጠነው፤ አንዱን ግልባጭ ለሚከታተላት ሐኪም፣ አንዱንም ፊደል ማንበብ ለሚችለው ለታላቅ ወንድሟ። በሚሲዮን ቤት የተማርነው ቋንቋ ከዚያ ቀን የበለጠ ጥቅም የሰጠበትን ጊዜ አናስታውስም። ወረቀቱ በሣጥን ቢቀመጥ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ ጥበብ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከንቱ ሊሆን ይችል ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም ልጅን ወደ ጥበቡ መውሰድ ይሻላል ወይስ ጥበቡን ወደ ልጁ ማምጣት? የሂሮሺማን ሴቶች በኒውዮርክ ያከሙት ሐኪሞች አለቃ አርተር ባርስኪ ለዚህ በሥራው መልስ ሰጥቷል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የቈሰሉ ሕፃናትን ወደ አሜሪካ ማጓጓዝ ይገባል የሚሉ በበዙበት ወራት፣ እርሱ በሳይጎን ከተማ ለሕፃናት የፊትና የአካል ማቃኛ ሕክምና ክፍል እንዲቋቋም ደከመ፤ ክፍሉም በ1969 ተከፈተ። በዚያ ሕፃናቱ በአገራቸው፣ እናቶቻቸውም ባጠገባቸው ሆነው ይታከሙ ነበር፤ የአገሩም ሐኪሞች ይማሩ ነበር። በ1978 የተመሠረተው መርሲ ሺፕስ የሚባለው ማኅበር ደግሞ መርከብን ሆስፒታል አድርጎ ወደ አፍሪካ ወደቦች ይሄዳል፤ ጋሪ ፓርከር የሚባለውም የፊትና የመንጋጋ ሐኪም ከሠላሳ ዓመት በላይ በመርከቡ ላይ እየኖረ እንዲህ ያሉትን ዕባጮች ሲያወጣ ቆይቷል። ይሁን እንጂ መርከብ ወደ ደጋ አይወጣም።

በአገራችን ግን የዚህ ዓይነቱ መልካም ምሳሌ አልጠፋም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በወሊድ ጠንቅ የተጎዱትን ሴቶች ወደ ውጭ መላክ ሳይሆን እዚሁ ማከምን መረጡ፤ በ1974ም ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያንም ጥበቡን ተማሩ። ፊታቸው ለታመመ ልጆችም በ2001 የተመሠረተው ፕሮጄክት ሐረር የሚባል የእንግሊዝ ማኅበር ከሩቅ ገጠር ሕመምተኞችን እያመጣ በአዲስ አበባ እንዲታከሙ ሲረዳ ቆይቷል። እንግዲህ እኛ ባሕር ማዶ መሄድን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ልጁ ሊሞት ሲል መንገዱ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ለአንድ ልጅ የሚወጣ የጕዞ ገንዘብ ባለበት ሁሉ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወይም የማደንዘዣ ባለሙያ አብሮ ሄዶ እንዲማር ቢለመን፣ ለሚቀጥለው ልጅ መንገዱ ያጥር ነበር።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት የምትቀመጡ፣ ብዕርና ማኅተም በእጃችሁ ያለ ናችሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በጠረጴዛችሁ ላይ ሲወድቅ፣ ቀኑ የሚቈጠረው በቀን መቍጠሪያ ሳይሆን በልጁ ጕሮሮ እንደ ሆነ እያሰባችሁ ሌላውን አስቀምጣችሁ እርሱን አስቀድሙ። የሞግዚትነት ማስረጃውን፣ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እንዳይተኛ በአንድ ጊዜ አስጀምሩት። ልጁ የሚሄድበትን ሆስፒታል ስም፣ አብሮት የሚሄደውን ዘመድ፣ አስተርጓሚውን፣ ሲመለስም የሚያየውን ሐኪም ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሥራ ማጓተት አይደለም፤ በአንድ ደብዳቤ የሚፈጸም ነው።

አባቶችና እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በልጅ መንጋጋ፣ ጉንጭ ወይም ዓይን ዙሪያ የማይጠፋ እብጠት ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ጥርሱም ያለ ምክንያት ቢነቃነቅ፣ ሁለት ሳምንት ሳታሳልፉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ በቀን በቀን የሚያድግ ከሆነ ግን ያን ያህል እንኳ አትጠብቁ። አትተኩሱት፤ አትብጡት። ጠበል ማስጠመቅ ለሚወድ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ ጠበሉን አያረክስበትም፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። ልጁንም ወደ ጓዳ አታግቡት፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ወንድሞቹ እጅ ይንሣ። በሰፈራችሁም ነጠላ ሳይሸፈንባት ከቤት የማትወጣ ልጅ እንዳለች የምታውቁ፣ ዛሬውኑ ወደ ወላጆቿ ሄዳችሁ ሐኪም እንዲያያት ንገሯቸው፤ መንገዱንም አሳዩአቸው።